ጉበት አይጾምም፦ ድሬዳዋ ዋርሳዬ ቤት የሰነበትኩባቸው ቀናት

ድሬዳዋ የሄድኩት፣ "ወንድሜን ቅቤሽ ገደለው" ላለኝ ሰው ሦስት ኪሎ ቅቤ ይዤ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማኅበሬ ሴቶች ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ከሸኖ ወዲያ ለማታውቁት፣ ወደፊትም ለማትሄዱት። ከተመለስኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ድሮም ስጽፍ ፈጣን አልነበርኩም፤ ታደሰ ካረፈ ወዲህ ደግሞ አንድ መስመር ጽፌ ቀና ስል ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ስለ ከተማው ሕንፃና አደባባይ የምትጠብቁ ከአሁኑ ተስፋ ቁረጡ። እኔ ያየሁት የሰው ፊትና የሰው ሳህን ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ባለቤቴ ታደሰ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ቀበቶው ላይ በየዓመቱ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳለት ቀጭን ሰው ነበር። አርባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለዋለ ወጡ ቅቤ ነበረው። የሞቱ ምክንያት የተገኘውም እዚያው ወጥ ላይ ነው። "የእሷ ወጥ እኮ ቅቤው ይንሳፈፍበታል" ተባለ፤ የተባለውም እየተበላ ነው። የታደሰ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ጌታሁን፣ ከድሬዳዋ መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት "ወንድሜን ቅቤሽ ገደለው" አለኝና ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። ከእናንተም መካከል ራሳችሁን የነቀነቃችሁ አላችሁ። ቆጥሬያችኋለሁ።

ዘንድሮ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሰላም ደወለችልኝ። ሰላም የጌታሁን ትንሿ ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ ሐኪሞች በሚማሩበት ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ታስተምራለች።

"እትዬ፣ አባዬ የኮሌስትሮል ክኒኑን አቁሟል። ሲሄድ ደረቱን ይዞ ይቆማል፣ ጋዝ ነው ይለኛል። እማዬ ጅጅጋ እህቴን ልታርስ ሄዳለች። እኔን አይሰማኝም። አንቺን ግን ይፈራሻል።"

"እኔን? እኔ እኮ ገዳይ ነኝ።"

"ለዚያ ነዋ የሚፈራሽ።"

ለምን እንዳቆመ ጠየቅኳት። ጾም ስለሆነ ነው አለች። ቅቤ ካልበላ፣ ሥጋ ካልበላ፣ መድኃኒቱ ምኑን ሊያጠራ ነው ይላል። ይህን ስሰማ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። ለምን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ተነሣሁ። ቅቤውን ክዳን ባለው የቀለም ባልዲ አድርጌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ። በእኛ ብርድ ቅቤ በቢላ የሚቆረጥ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ዓይነት ቅቤ በዓለም ላይ መኖሩን አላሰብኩም። ለምን ያዝሽ ብትሉኝ፣ በባዶ እጅ ዘመድ ቤት አይኬድም። ከዚያ የተረፈው ምክንያት ተንኮል ነው።

አዲስ አበባ በሚኒባስ ገብቼ ለቡ ጣቢያ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። "ሙቅ ውሃ አለ?" ብዬ ብጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ "አለ፣ ማዘር፣ ግን ዛሬ አይደለም" አለችኝ። እኛ አገር ሙቅ ውሃ ከሌለ የለም ይባላል። ቢሆንም ከራሷ ክፍል አንድ ጆግ አፍልታ አመጣችልኝ፤ እግሬን ታጠብኩበትና ተኛሁ።

ሐሙስ

ባቡሩ ሊነሣ ፍተሻ አለ። ፈታሿ ባልዲዬን አስከፈተችኝ።

"ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቅቤ።"

"በጾም?"

"ለፋሲካ ነው።"

"ለፋሲካ እኮ አምስት ሳምንት አለ!"

"ቅቤ አይቸኩልም" አልኳት፣ ስቃ አሳለፈችኝ። ቅቤ ግን ይቸኩላል። አዳማ ድረስ እንደ ጨዋ ተቀመጠ። መተሐራን አልፈን የመስኮቱ መስተዋት በእጅ የማይነካ ሲሆን፣ ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው ወርዶ ከፊቴ ያንቀላፉ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ትከሻ ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። በሦስተኛው ነቁ። በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

"ወላሂ ይሄ ቅቤ ነው!"

ፉርጎው በሙሉ ዞረ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ዘንድሮ ተገጣጥመዋል፤ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ጾመኛ ነው። የለጋ ቅቤ ሽታ በዚያ ሙቀት መሐል ተነሣ። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ባልዲ ፈተንኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ፣ አላወቅሁም፣ እርስዎን..."

"እርስዎ ማነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እህቴ። አንተ በይኝ። ድሬ ልትገቢ አይደል?" ተነሥተው ባልዲውን አወረዱ፣ አቃንተው በእግራቸው መሐል አቆሙት፣ የራሳቸውን ሻርፕ ከአንገታቸው ፈተው ክዳኑ ላይ ጠመጠሙበት። እስክንደርስ ድረስ እንደ ሕፃን ይዘውት ሄዱ። ሲወርዱ ሻርፑን ልመልስ ብል፣ "አሁን እሱ የኔ ሳይሆን የቅቤው ነው" አሉኝና ባጃጅ ጠርተው ለባለባጃጁ "ይቺን እናት ሳቢያን ሰፈር አድርሳት፣ ሳታንገጫግጭ" ብለው አዘዙት።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለባጃጁ ትልቅ ሰው ነው፤ መንገዱን ሁሉ አንቺ እያለ ያወራኛል። እኛ ዘንድ የማያውቁትን ሴት አንቺ ማለት የጠብ መጀመሪያ ነው፤ እዚህ የዝምድና መጀመሪያ ነው። መሐል መንገድ ላይ ዞሮ ባልዲውን አየና፣ "እናቴ፣ በጾመኛ ላይ እንዲህ ይደረጋል አቦ?" አለኝ።

ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ በሽርጥና በካናቴራ። ደብረ ብርሃን ሰው በሽርጥ ቢወጣ ታመመ ተብሎ ጎረቤት ይሰበሰባል። አርባ ዓመት ባቡር ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ እንደ ታደሰ ቀጭን፣ እንደ ታደሰ አፍንጫው የሾለ ነው። አፍንጫውን ሳይ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ መስጠት አቃተኝ። እሱ ግን ቀድሞ ያየው ባልዲውን ነው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ለወንድምህ ያደረግሁትን ላንተም ላድርግልህ ብዬ።"

የጎረቤቷ የፋጡማ ሳቅ ከአጥር ማዶ መጣ። ፋጡማ መጋላ በሚባለው የድሮ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ወዲያው ገባች፣ ባልዲውን ከእጄ ወሰደች፣ ቅቤ የነካውን ነጠላዬንም ገፈፈችኝ። የቀለጠውን አጥልላ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ገለበጠችው፤ ነጠላዬን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባ አሰጣችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደርቆ መጣ። የእኛን ቤት ነጠላ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ቀን ይንጠባጠባል።

እራት ላይ ክኒኑን አነሣሁ። ጌታሁን ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል፤ ተነሥቶ ከጓሮ የተቆረጠ የውሃ ቧንቧ አመጣ። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያቸው ውስጡ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ቧንቧው ውስጥም ድንጋዩ ዙሪያውን ተጋግሮ፣ ለጣት የምትሆን ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች።

"ይኸውልሽ የሰው የደም ሥር። አርባ ዓመት ይሄን ስጠርግ ነው የኖርኩት። ኖራ ያለው ውሃ ካላስገባሽበት ቧንቧ አይደፈንም። ቅቤ ካላስገባሁበት የኔም አይደፈንም። ጾም ላይ ነኝ፤ ታዲያ ክኒኑ ምን ይሠራል?"

"አባዬ፣ የደም ሥር ቧንቧ አይደለም" አለች ሰላም፣ መቶኛ ጊዜዋ እንደሆነ ያስታውቃል።

"ምንድነው ታዲያ?"

"ሕይወት አለው።"

"የኔም ቧንቧ ሲዘጋ ሕይወት ነበረው፣ ሌሊት ይጮህ ነበር" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሚያስቅ ሰው መሆኑ ነው ክፋቱ።

ዓርብ

ጌታሁን ከተማውን ላሳይሽ ብሎ ወደ መጋላ ወሰደኝ። ደቻቱን በድልድይ መሻገር አለብን። ደቻቱ ወንዝ ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት አሸዋ፣ ፍየልና የተሰጣ ልብስ ነው። ክረምት ሲመጣ ሰውና ቤት ይዞ ይሄዳል ሲሉኝ ፍየሎቹን አይቼ ማመን አቃተኝ።

ድልድዩ መሐል ሲደርስ ጌታሁን ቆመ። አንድ እጁ አጥሩን ያዘ፣ ሌላው ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ የሙቀት ላብ አልነበረም፣ እኔ ይህን ላብ አውቀዋለሁ።

"ምነው ቆምክ?"

"ወንዙን እያየሁ ነው።"

"የትኛውን ወንዝ?"

ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተመለሰና መራመድ ጀመረ፣ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ጎን ለጎን ሄድኩ። ወደ ሐኪም እንሂድ አልኩት፤ ጋዝ ነው አለኝ። የቀረውን መንገድ ባጃጅ ያዝን። ስለ መጋላ የምነግራችሁ ብዙ ነበረኝ፣ ስለ ጨርቁ ቀለም፣ አንድ ነጋዴ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ በአራት ቋንቋ ሲከራከር እንደሰማሁ። ከድልድዩ በኋላ ግን ከጌታሁን እጅ በቀር ምንም አላየሁም።

ማታ አዛን ሲል ፋጡማ ዘንድ ተጠራን። ለእኛ ለብቻ ጠብሳ ያዘጋጀችው ሳምቡሳ ምስር ብቻ ያለበት ነው፤ ዘይቱን እንኳ ለይታለች። "ሥጋ በነካ ዘይት ጠብሼ ጾማችሁን ባስፈታ አላህ ይጠይቀኛል" አለችኝ። እኛ አገር የጎረቤቱን ጾም እንዲህ የሚጠነቀቅ ስንት ሰው አለ? የራሱንም የሚጠነቀቅ ጥቂት ነው።

ፋጡማ ቴምር አነሣች፣ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሳትነካ ከጡቷ ስር ትንሽ ከረጢት አውጥታ ክኒን ዋጠች።

"የልብ ነው" አለችኝ። "ቴምር፣ ውሃ፣ ክኒን፣ ሶላት። በዚህ ተራ።"

"እናንተ ማታ ሥጋ ትበላላችሁ" አለ ጌታሁን። "ያስፈልግሻል። እኔ ሽሮ ነው የምበላው።"

"ወርያ ጌቱ፣ ሐኪሙ ሲያዝልህ ሃይማኖትህን ጠይቆሃል?"

"አልጠየቀኝም።"

"በቃ! ክኒኑም አይጠይቅህም። ብላ ሳምቡሳህን።"

በላ። ክኒኑን ግን አልዋጠም።

ቅዳሜ

ሰላም ወደ ላቦራቶሪዋ ወሰደችኝ። ድሬ ሄጄ ያየሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ስፋቱም የጥፍር ያህል ነው። በመስተዋት ላይ የተለጠፈ፣ ለተማሪዎች ማስተማሪያ የተዘጋጀ የአንድ ሰው የልብ የደም ሥር ስስ ቁራጭ። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። በመጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው።

"አሁን ምን ይታይሻል፣ እትዬ?"

"የሳሙና አረፋ። ግድግዳው ውስጥ።"

"እሱ ነው። እያንዳንዷ አረፋ አንድ ዘበኛ ናት።"

ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔም በገባኝ መጠን ላስረዳችሁ። ኮሌስትሮል ጠላት አይደለም፣ ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፣ ሰውነትም ይፈልገዋል። በደም ውስጥ ሲዞር ጥቂቱ የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሾልኮ ይገባና እንደ ቆየ ቅቤ ይበላሻል። ያን ጊዜ ሰውነትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጣሉ። ገላቸው ላይ ተቀባይ የሚባል፣ እንደ እጅ ያለ ነገር አላቸው። አንደኛው ዓይነት እጅ የተበላሸውን ስብ እያነሣ ያጎርሳል።

"ሌላው ሕዋስ ስብ ሲበቃው እጁን ይሰበስባል" አለች ሰላም። "ይሄኛው እጅ ግን በቃኝ አያውቅም። ዘበኛው አረፋ እስኪሆን ያጎርሰዋል። ከዚያ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ እዚያው ይቀራል።"

"ሌላ እጅስ?"

"ሌላው ደወል የሚደውለው ነው። አደጋ አለ ብሎ ይጮሃል፣ ሌሎች ዘበኞች ይመጣሉ፣ እነሱም ይጎርሳሉ።"

"የሚያወጣ የለም?"

"አለ። ስቡን መልሶ ወደ ደም የሚያስወጣ በር አላቸው፤ ከዚያ ወደ ጉበት ይሄዳል። ደወሉ ሲበዛ ግን በሩ ይጠባል።"

ከማይክሮስኮፑ ቀና አልኩ። "ይህንን አውቀዋለሁ" አልኳት። "የኔ ለቅሶ ነው።"

በእውነት ነው የምላችሁ። ሊጠብቁኝ መጡ። ጎረሱ። ሌሎች ጠሩ፤ የመጡትም ጎረሱ። ብቻዋን አትሁን እያሉ ወር ሙሉ ከግድግዳዬ ጋር ተጣበቁ። ሳህን ያወጣ ግን አንድም አልነበረም። ጌታሁን በቧንቧው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧን የሚደፍነው ከውጭ የመጣ ኖራ ነው፤ እኛን የሚደፍነን ጠብቁ ተብለው የገቡት ናቸው።

ሰላም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ለክፍሏ ልትነግረው እንደምትችል ጠየቀችኝ፣ ፈቀድኩላት። ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፤ ሁለታችን በአንድ ደብተር ተራ በተራ እየተራገብን ተቀመጥን።

"ስለዚህ ቅቤዬ ነጻ ነው?"

"ነጻ አላልኩም። ቅቤ ሲበዛ ይጨምራል። ግን ብቻውን ቆሞ ሰው አይገድልም። ዘር አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ ዕድሜ አለ። አባዬና ጋሼ ታደሰ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቀጭን መሆናቸው ምንም አያድናቸውም።"

"ጾሙስ?"

"ጾሙ ለሰውነት አይከፋም። ግን ጉበት አይጾምም፣ እትዬ። ኮሌስትሮሉን መሥራቱን አይተውም። ዘበኞቹም የቀን መቁጠሪያ የላቸውም። ክኒኑ ጉበቱን ነው የሚይዘው። ከተወው አንድ ቀን ያ አረፋ የሞላበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ደም ይረጋበታል፣ መንገዱ ይዘጋል።" ደብተሩን አቀበለችኝ። "ጋሼ ታደሰም መድኃኒት ነበረው አይደል?"

"ነበረው።"

"ይውጥ ነበር?"

መብራቱ መጣ።

"መብራት መጣ" አልኩ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሰላም ወደ ገበያ ወጣች። እኔና ጌታሁን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ስር ተቀመጥን። እሱ ሬዲዮ ይሰማል። ላቦራቶሪ ያየሁትን ነገርኩት፤ ዘበኞቹን፣ እጆቹን፣ ደወሉን። በትዕግሥት ሰማኝና "ጥሩ ተረት ነው" አለ።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም። ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ምላስ ላለው ሰው ከሰጠሁት ዕድሜ ልኬን እንደሚወጋኝ አውቃለሁ። ድልድዩ ላይ ያየሁት ላብ ግን ዓይኔ ላይ ነው።

"ጌታሁን፣ ሬዲዮውን ዝጋ።"

ዘጋው።

"አምና በቅበላ ማታ የተረፈውን ቅቤ ከድኜ ቁምሳጥኑ ላይ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጣሁ። በየዓመቱ እንደማደርገው። ታደሰ የኮሌስትሮል ክኒኑን ይዞ መጣ። 'ይሄንንም አብረሽ ስቀይልኝ፣ ለፋሲካ አብረው ይወርዳሉ' አለኝ። ሳቅን። ተቀብዬ ሰቀልኩት። በገዛ እጄ።"

እጁን ከሬዲዮው ላይ አነሣ።

"ፋሲካ ሲመጣ አወረድኩ። ቅቤው ነበር። ክኒኑ ነበር።"

የቀረውን መጨረስ አልቻልኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

"ዓመት ሙሉ ቅቤ ነው ስንልሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"ቅቤ ይሻለኝ ነበር። ቅቤ ስትሉኝ ሁላችሁንም እንቃችሁ ነበር። ይህንን ብናገር የምንቀው ሰው አይቀረኝም።"

ተነሣ። በሽርጡ፣ በነጠላ ጫማው፣ በዚያ ቀትር፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። እኔም ገብቼ ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ። አሁን ለዘመድ ሁሉ እየደወለ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅቤ መባሉ ቀርቶ ሌላ ነገር ልባል ነው።

ሰላም ስትመለስ ሻንጣውን አየች፣ ለእሷም ነገርኳት። ጥፋትሽ አይደለም አላለችኝም፤ እንደዚያ ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር። "ቢውጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልሽም" አለችኝ። "አይተርፍም ነበር ብዬም አልምልልሽም።" ይህን ይዤ ነው የምኖረው፣ እውነት ስለሆነ ይከብዳል፣ ግን ይያዛል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጌታሁን ተመለሰ። ፋጡማ ሱቅ ድረስ ሄዶ እዚያ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ እንደዋለ በኋላ ሰማሁ፤ ለእሷም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከፊቴ ተቀመጠ።

"ሳቀ አልሽ?"

"ሳቀ።"

"ሁሌም እንደዚያ ነው። ልጅ ሆነን ከዛፍ ሊወድቅ ሲል ራሱ ይስቅ ነበር።" ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። "ሰላም! ያንን ነገር ከነውሃው አምጪ።"

አመጣች። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አርባ ዓመት የብረት ዕቃ እንደመረመረ ሰው ገለባብጦ አየው።

"አንድ ነገር አለ" አለኝ። "እኔ ጠዋት ጠዋት አላስታውሰውም። አንቺ በየቀኑ ትደውያለሽ፣ ስልኩ ላይ እያለሽ እውጣለሁ። ካልደወልሽ አልውጥም።"

"እኔ?"

"ሰቅለሽ የለ? አውርጂው እንግዲህ።"

ዋጠው። ቃሉ እንደፈራሁት ወጋኝ፤ እንደዚያ የሚጠቅም ነገር ግን በዚያ ዓመት ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ

ሰላምና ፋጡማ ጣቢያ ሸኙኝ። ጌታሁን አልመጣም፤ ሰላም በማለዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛለት ስለነበር እዚያ ወረፋ ላይ ነው። ፋጡማ ለመንገድ የምስር ሳምቡሳ በካርቶን ጠቀለለችልኝና "ደግሞ ነይ፣ ቅቤሽን ግን ድሬ ሲበርድ አምጪው" አለችኝ። ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ከአዳማ ወዲህ ተቀበለኝ። ነጠላዬ የቅቤ ሽታ አልነበረበትም፤ የድሬ ሳሙና ሸተተኝ።

ሐኪሙ ደረቱን መርምሮ ሌላ ክኒን ጨመረለት፤ አሁን ሁለት ነው። እኔ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ። "አለሁ፣ አለሁ፣ አትጩኺ" ይለኛል፤ ከዚያ ውሃው በጉሮሮው ሲወርድ እሰማለሁ፤ ከዚያ ይረግመኛል፤ ከዚያ ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ ታደሰ ትንሽ እናወራለን። ለዘመድ ነግሮ እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም። እናንተ ግን ይኸው አሁን ከእኔ ከራሴ አወቃችሁ፤ እስኪ ደግሞ ራሳችሁን ነቅንቁ።

ፋሲካ አለፈ። ጾም ሲያበቃ መደወል ይቀራል ብዬ ነበር፤ እሱም እንደዚያ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ውሃ ስቀዳ ቆይቼ አሥር ደቂቃ ዘግይቼ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው።

"ምነው፣ ሞትሽ እንዴ?" አለኝ።